ድርብ ውል በቶንፒንግ፦ ማጣሪያ ያለፈ ሠራተኛ ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል?

«ክሊራንስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው የሥራ ዓለም ቢያንስ ሦስት ወረቀቶችን ይጠራል፤ ሦስቱም በአንድ ሰው ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ቢችሉም የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ ማንኛውም ተቀጣሪ የሚያውቀው፣ ሥራ የሚለቅ ሰው ከንብረት ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍልና ከሰው ሀብት አስተዳደር ፊርማ እየሰበሰበ ዕዳ እንደሌለበት የሚያስመሰክርበት የመልቀቂያ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ፖሊስ የጣት አሻራ ወስዶ ሰውየው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ማስረጃ ነው። ሦስተኛው፣ የዚህ ትንታኔ ጉዳይ የሆነው፣ አንድ ሰው ምስጢር ያለበትን መረጃ እንዲያይ ወይም ልዩ ጥበቃ የሚደረግለትን ግቢ እንዲረግጥ የሚያስችለው የደህንነት ማጣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛው ካለፈው አሠሪው ጋር መጨራረሱን፣ ሁለተኛው የኋላ ታሪኩን፣ ሦስተኛው ወደፊት ሊታመን መቻሉን ይናገራሉ፤ ሰውየው ዛሬ፣ በዚህች ሰዓት፣ ለስንት አሠሪ እየሠራ ነው የሚለውን ጥያቄ ግን ከሦስቱ አንዱም በቀጥታ አይመልስም። ማጣሪያ የሚጠይቁ ሁለትና ከዚያ በላይ ውሎችን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቻለውም በዚሁ ባልተመለሰ ጥያቄ ክፍተት ውስጥ ነው።

ጥያቄው በየትኛውም ከተማ ሊነሳ የሚችል ቢሆንም በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ በተለይም በቶንፒንግ ሰፈር፣ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ቶንፒንግ የጁባ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን ተጠግቶ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች «ቶምፒንግ» እያሉ የሚጠሩት የሰላም አስከባሪ ተልዕኮው ግቢም ከማረፊያው ጎን ይገኛል። ኡንሚስ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ተልዕኮ የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2011፣ አገሪቱ ነጻነቷን ልታውጅ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ባሳለፈው ውሳኔ 1996 የተቋቋመ ነው። በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ሸሽተው የተጠለሉት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በ2014 መጨረሻ መጠለያው ተዘግቶ ተፈናቃዮቹ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ወደሚገኘው የተመድ ግቢ ተዛወሩ። ከግቢው ውጭ ያለው ቶንፒንግ የእርዳታ ድርጅት፣ የአየር መንገድ ወኪል፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሰፈር ነው፤ ከሆቴሎቹና ከምግብ ቤቶቹ ብዙዎቹን ያቆሙት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በመሆናቸው አማርኛና ትግርኛ ከጁባ ዐረብኛ ጋር ተደባልቀው ይሰማሉ። በዚህ ሰፈር ውስጥ ዘበኛ የሌለው በር፣ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ የማይዝ ዘበኛ ማግኘት ይቸግራል፤ አንዱ በር የሌላውን መዝገብ አንብቦ አያውቅም።

ሌላው ዓለም «ማጣሪያ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚያስበው መንግሥት የአንድን ዜጋ ሕይወት መርምሮ የሚሰጠውን የምስጢር ደረጃ ነው። በተመድ አሠራር ግን ቃሉ ሁለት ሌሎች ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው የጉዞ ፈቃድ ነው፤ ሠራተኛው ወደ አንድ አካባቢ ከመንቀሳቀሱ በፊት የጸጥታና ደህንነት መምሪያው በሚያስተዳድረው ሥርዓት ተመዝግቦ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ይህ ፈቃድ ስለ ሰውየው ታማኝነት ምንም አይልም፣ የሚናገረው ስለ መንገዱ ነው። ሁለተኛው የሥልጠና ማረጋገጫ ነው፤ ከ2018 ወዲህ «ቢሴፍ» የተባለው የኮምፒውተር ላይ ኮርስ ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ ሲሆን፣ አደገኛ በተባሉ የሥራ ቦታዎች ደግሞ «ሴፍ» እየተባለ የሚጠራ፣ ሠራተኛው በታጠቀ ሰው ሲታገት፣ መኪናው ሲጠለፍ ወይም ጓደኛው ሲቆስል የሚያደርገውን በተግባር የሚማርበት የቀናት ሥልጠና አለ። የምስክር ወረቀቱ ከሰውየው ጋር ይዞራል፤ አንድ ድርጅት ያሠለጠነውን ሌላው ሊቀበለው ይችላል። ባጁ ግን አይዞርም። ባጅ፣ ማለትም በአንገት ማሰሪያ የሚንጠለጠለው የመግቢያ መታወቂያ፣ የሰጠው ድርጅት ንብረት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ተመላሽ ይሆናል። እንግዲህ በቶንፒንግ መታመን የሰውየው ሀብት ሳይሆን የበሩ ሀብት ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለት በር ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይጣራል፣ ሁለት ባጅ ይይዛል፣ አንደኛው ባጅ ስለ ሁለተኛው የሚያውቀው ነገር የለም።

ከድርጅቶቹ በር ጀርባ ደግሞ የአገሩ በር አለ። በኦገስት 2017 ከአንድ ዓመት በፊት በውሳኔ 2304 የተፈቀደው የአካባቢው ጥበቃ ኃይል ወታደሮች በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ በሚኖራቸው ሚና ላይ በተነሳ ውዝግብ የደቡብ ሱዳን መንግሥት የተመድን በረራዎች ለአጭር ጊዜ ማገዱ፣ በቶንፒንግ የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳየ ክስተት ነበር። ለውጭ አገር ሠራተኛ ይህ የአገሩ በር የሥራ ፈቃድ ይባላል። በሴፕቴምበር 2014 የውጭ ዜጎች ከእርዳታ ድርጅቶች፣ ከባንኮች፣ ከቴሌኮምና ከሆቴሎች እንዲወጡ የታዘዘው ትእዛዝ በቀናት ውስጥ ቢለዝብም፣ በ2016 የወጣው የእርዳታ ድርጅቶች ሕግ ከሠራተኞቻቸው ቢያንስ 80 በመቶ ደቡብ ሱዳናውያን እንዲሆኑ አስገድዷል፤ በ2017 ደግሞ የባለሙያ የሥራ ፈቃድ ክፍያ በአንድ ጊዜ ወደ 10,000 ዶላር እንዲያድግ ተወስኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተነስቷል። ፈቃዱ እንዲህ የሚዋዥቅና ውድ ከሆነ፣ በአንድ ድርጅት ስም የተያዘን ፈቃድ ይዞ ለሌላው መሥራት ፈተናውም አደጋውም ይበዛል፤ አንዱ ውል ቢፈርስ ሁለተኛው መጠጊያ ይሆናል ብሎ የደረበ ሰው፣ መጠጊያው ራሱ ከአገር የሚያስወጣው ሊሆን ይችላል።

የተመድ የራሱ ደንብ በሁለት ቦታ መሥራትን እንዴት እንደሚያይ ለመረዳት ሠራተኛው በየትኛው የውል ዓይነት እንደተቀጠረ መለየት ያስፈልጋል። ቋሚም ሆነ በጊዜ የተገደበ ቅጥር ያለው፣ በተለምዶ «ስታፍ» የሚባለው ሠራተኛ፣ ክፍያ ቢኖረውም ባይኖረውም ከዋና ጸሐፊው ፈቃድ ውጭ ሌላ ሥራ እንዳይይዝ በሠራተኞች ደንብ 1.2 ተከልክሏል፤ እዚህ ላይ አሻሚ ነገር የለም። አማካሪ ግን ስታፍ አይደለም፤ የሚከፈለው ለሚያቀርበው ውጤት ስለሆነ ሰዓቱ የራሱ ነው። ሦስተኛው፣ በግለሰብ ደረጃ ውል የተሰጠው ባለሙያ፣ በ2013 በወጣው የሴክሬታሪያቱ መመሪያ መሠረት በአሥራ ሁለት ተከታታይ ወራት ውስጥ ከ6 ወር፣ በልዩ ሁኔታም ከ9 ወር በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ አማካሪውም በ36 ወራት ውስጥ ከ24 ወር አያልፍም። ይህ ገደብ የተደረገው ጊዜያዊው ውል ቋሚ ቅጥርን እንዳይተካ ነው። ያስከተለው ግን ሌላ ነገርም አለ፦ በዓመት ውስጥ ሦስት ወይም ስድስት ወር ባዶ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ባዶ ወር ለመሙላት ሌላ ውል መፈለግ የሚጀምረው ባዶው ሲመጣ ሳይሆን ገና የመጀመሪያው ውል ሳያልቅ ነው፤ የሁለተኛው ውል መጀመሪያ ከአንደኛው መጨረሻ ጋር መደራረቡም አይቀርም። የተመድ የጋራ ቁጥጥር ክፍል በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከጠቅላላው የሰው ኃይል ከ45 በመቶ በላይ የሚሆነው ስታፍ ያልሆነ መሆኑን ማመልከቱን ከዚህ ጋር ሲያገናኙት፣ ድርብ ውል ከሥርዓቱ ዳር ያለ ብልግና ሳይሆን ከመካከሉ የሚወጣ ፍሬ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

አራተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በሩ ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ ጄኔሬተሩን የሚያይ ቴክኒሺያን፣ ሳተላይት ኢንተርኔቱን የሚያስተካክል ባለሙያ፣ ውኃ በቦቴ የሚያመጣ ሾፌር ከተመድም ሆነ ከእርዳታ ድርጅቱ ጋር ውል የላቸውም፤ ውላቸው ከኩባንያ ጋር ነው። የተመድ የጸጥታ አስተዳደር ሥርዓት በጥላው ሥር የሚያደርጋቸው ከራሱ ጋር በቀጥታ የተዋዋሉትን ነው፤ የኩባንያ ሠራተኞች ከዚያ ውጭ ናቸው። ይህ ማለት አንድ ጥበቃ የማይሸፍነውን ጥላ ሲጠብቅ ይውላል፣ ያድራል ማለት ነው። የማጣራቱ ኃላፊነትም ወደ ኩባንያው ይወርዳል፤ ድርጅቱ ኩባንያውን ያጣራል፣ ኩባንያው ሰውየውን ያጣራል፣ ኩባንያው ደግሞ ከሰውየው የሚጠይቀው የተለመደውን ነው፦ መታወቂያ፣ የቀድሞ ሥራ ልምድ፣ ከተቻለ የፖሊስ ወረቀት፣ ካልተቻለ የሚያውቀው ሰው።

ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለማየት የጥበቃውን ሰዓት መቁጠር በቂ ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ በግል ጥበቃ ሥራ የተለመደ ነው፤ አንዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይቆማል፣ ሌላው ይረከበዋል። ርክክቡ በመዝገብ ይሰፍራል፦ የገባ ሰዓት፣ የወጣ ሰዓት፣ የተረከበው ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የቁልፍ ብዛት፣ ፊርማ። ሁለት ኩባንያ ውስጥ ፈረቃ የያዘ ሰው በአንደኛው መዝገብ ላይ 12 ሰዓት ሲል ይፈርማል፤ ሁለተኛው ግቢ ሦስት አጥር አልፎ ከሆነ በሁለተኛው መዝገብ ላይ 12 ከሩብ ይፈርማል። ሁለቱም ፊርማ ትክክል ነው። ሁለቱም ግቢ የተጠበቀ ይመስላል። ከሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚቀረው እንቅልፍ ግን የት እንደሚተኛ ሁለቱም መዝገብ አይናገሩም፤ መተኛቱ ካልቀረ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ በር ላይ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው ተረት በአብዛኛው ስግብግብን ለመገሠጽ ቢጠቀስም፣ በዚህ ቦታ የሚናገረው ስለ ምኞት ሳይሆን ስለ ሰውነት ነው፤ የደህንነት ማጣሪያ የሰውን ልብ ለመመርመር ይደክማል እንጂ እግሩን አይቆጥርም።

የጄኔሬተር ቴክኒሺያኑና የኢንተርኔት ባለሙያው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እነሱ ተጠርተው የሚመጡ ናቸው፤ ውላቸው መገኘትን ሳይሆን ዝግጁነትን ይገዛል። አንድ ሰው ለሦስት ግቢ ዝግጁ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱ በአንድ ሌሊት እስካልጠሩት ድረስ። ችግሩ ጁባ ውስጥ ጥሪው የሚመጣው ለሁሉም በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ተኩስ ሲሰማ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ሦስቱም ግቢ ያንኑ ሰው ይፈልጋሉ። ሦስት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የመጠባበቂያ ዕቅድ አለን ብለው ቢጽፉ፣ ሦስቱ ዕቅዶች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆሙ መሆናቸውን ማንም አላየም ማለት ነው። በስለላ ፍርሃት የተሞላው የደህንነት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አደጋ ይኸው ተራ አደጋ ነው፤ ምናልባትም ድራማ ስለሌለው ይሆናል።

ድርብ ውል እየጨመረ እንዲሄድ የሚገፉ ነገሮች ከ2024 ወዲህ በርክተዋል። በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን ጦርነት ምክንያት የደቡብ ሱዳንን ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ቀይ ባሕር ከሚያሻግሩት ቧንቧዎች ዋነኛው ሲቋረጥ የመንግሥት ገቢ ተሽመድምዶ ሲቪል ሠራተኛውና ወታደሩ ደመወዝ ሳያገኙ ለወራት ቆይተዋል፤ ደመወዝ የማይደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ ሁለተኛ ሥራ መያዙን ማንም በቁም ነገር ሊከለክለው አይችልም። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ፈርሶ በጁባ ያሉ ብዙ የእርዳታ ፕሮጀክቶች ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት ተመድ የገንዘብ እጥረቱን ለመቋቋም የሰላም አስከባሪዎቹን ቁጥር በአንድ አራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሙሉ የሥራ መደብ ሲጠፋ ሥራው አብሮት አይጠፋም፤ ይቆራረጣል እንጂ። ጥበቃውም፣ ሒሳቡም፣ ኔትወርኩም በሩብና በግማሽ ውል መሰጠት ይጀምራል፤ ግማሽ ውል የያዘ ሰው ሌላ ግማሽ ቢፈልግ የሚያስገርም አይሆንም። ድርጅቱ የሠራተኛውን ግማሽ ገዝቶ ሙሉ ታማኝነቱን ቢጠብቅ፣ ሒሳቡ ከመጀመሪያውም አልገጠመም።

ተቃራኒውን ሥርዓት ለማየት ወደ አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዋሽንግተን ዙሪያ በዚህ ዘርፍ ስለሚሠሩ ነገሩ ሩቅ አይደለም። እዚያ ማጣሪያው የበር ሳይሆን የመንግሥት ነው። አመልካቹ መደበኛ ቅጽ 86 የሚባለውን፣ የአሥር ዓመት መኖሪያና ሥራን የሚጠይቅ ረጅም መጠይቅ ይሞላል፤ የተፈቀደለት ደረጃ በማዕከላዊ መዝገብ ይያዛል፤ ቀጣሪ ኩባንያዎችም ያንኑ መዝገብ ከፍተው ያያሉ። በ2019 ማጣሪያ ያላቸው ሰዎች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው ሁለት ኩባንያ ውስጥ፣ በሁለት የተለያዩ የምስጢር ውሎች ላይ፣ በአንድ ጊዜ ቢሠራ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ መዝገቡም አንድን ሰው ከአንድ በላይ ቀጣሪ ሊይዘው እንደሚችል ታስቦ የተሠራ ነው። የተከለከለው ሌላ ነው። አንዷን ሰዓት ለሁለት ውል ማስመዝገብ መንግሥትን በሐሰት ገንዘብ መጠየቅ ስለሆነ የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕጉ እስከ ሦስት እጥፍ ካሣ ያስከፍላል፤ በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የማጣሪያ መመዘኛ ደግሞ ከአሥራ ሦስቱ መለኪያዎች አንዱን «ከሥራ ውጭ ለሚደረጉ ተግባራት» የመደበ ቢሆንም፣ ዋናው ስጋቱ ሠራተኛው ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ ድርጅት ያገለግል ይሆን የሚል እንጂ ደክሞታል ወይ የሚል አይደለም። ማዕከላዊ መሆኑ ግን ከስህተት አላዳነውም፤ ማጣራቱን በውል ይሠራ የነበረ ኩባንያ ወደ 665,000 የሚሆኑ ያልተጠናቀቁ ምርመራዎችን እንደተጠናቀቁ አድርጎ ልኳል በሚል ተከሶ በ2015 ቢያንስ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት አድርጓል። አጣሪውን የሚያጣራው ማነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጁባ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ያስደነገጠው ጉዳይ በ2023 የመጣው ነው። በኦገስት 24 ቀን የተያዘው፣ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ፣ የመከላከያ ነክ ምስጢርን ለውጭ መንግሥት አሳልፎ በመስጠት ተከሰሰ፤ ክሱ በሴፕቴምበር ይፋ ሲሆን ሰነዱ አገሪቱን በስም ባይጠራም ኒው ዮርክ ታይምስ ኢትዮጵያ መሆኗን ዘገበ። ክሱ ከዲሴምበር 2022 እስከ ኦገስት 2023 ባለው ጊዜ ከ85 ያላነሱ የስለላ ሪፖርቶች መገልበጣቸውን ይዘረዝራል። አብዛኛው አንባቢ በዚህ ቁጥርና በአገሩ ስም ላይ ቆመ፤ በወቅቱ የተዘገበ አንድ ዝርዝር ግን ለዚህ ትንታኔ ከቁጥሩ ይበልጣል፦ ሰውየው ማታ ማታ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመረጃና የጥናት ቢሮ፣ ቀን ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር በውል ይሠራ ነበር። ሁለቱም ሥራ ማጣሪያ የሚጠይቅ ነው፤ ከቀረቡበት ክሶች መካከል ግን ሁለት ቦታ መሥራቱ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም የተፈቀደ ነው። የክሱ ፍጻሜ ምንም ይሁን ምን የሚያሳየው ነገር አለ። ሁለት ተቋማት አንድን ሰው ለየብቻ ሲያዩት አንደኛው የቀኑን ትጉህ ሠራተኛ፣ ሌላኛው የማታውን ጸጥተኛ ተረኛ ያያሉ፤ ሙሉ ቀኑን የሚያይ አለቃ የለውም። የማታ ፈረቃ ደግሞ ከጥበቃው ግቢ እስከ ምስጢር ክፍሉ ድረስ አንድ ባሕርይ አለው፤ ሰው ያንሳል፣ መዳረሻ ግን አያንስም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አገሪቱ ከማጣሪያ መጠይቅ በፊት የቆየ የራሷ ዘዴ አላት፤ ተያዥ ይባላል። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ ወይም ጥበቃ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ዋስ ይጠራል፤ የዋሱ መሥሪያ ቤትም የደመወዙን መጠን ገልጾ የዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ አስቀድሞ እንደሚያሳውቅም ቃል ይገባል። የሰው ሀብት ክፍሉ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ይኸው ሠራተኛ ቀደም ሲል ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን በፋይሉ ያጣራል፣ አንድ ደመወዝ ሁለት ጊዜ እንዳይያዝ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ምጸት አለ፦ የአገሩ ቢሮክራሲ የዋሱ ደመወዝ በሁለት ቦታ እንዳይያዝ መዝገብ ሲያበጅ፣ የሠራተኛው ሰዓት በሁለት ቦታ እንዳይሸጥ ግን መዝገብ አላበጀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱንም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ይገድባል፤ ገደቡ የተጻፈው ግን አንድ አሠሪና አንድ ሠራተኛ ፊት ለፊት እንደቆሙ ታስቦ ነው። በሁለት አሠሪ ሥር እያንዳንዱ ገደብ ሳይጣስ፣ ትርፍ ሰዓት ሳይታሰብ እንኳ፣ ሰውየው በሳምንት 96 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም ያለበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ድርብ ውልን ሳያውቀው የሚያግደው አንድ ወረቀት ቢኖር መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው የመልቀቂያ ክሊራንስ ነው፤ አዲሱ አሠሪ ካልጠየቀው ግን እሱም ይተኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ቶንፒንግ የሄደ ሰው ተያዡን ይዞ አይሄድም። በቦታው የሚተካው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ቀድሞ የመጣ የአገር ልጅ፣ የሆቴል ባለቤት፣ አብሮ የሠራ ሾፌር ስሙን ለኩባንያው ይጠራል። ይህ ዘዴ በወረቀት ባይታይም አንድ ነገር የሚያውቅ ዘዴ ነው፤ ሰውየው ሌላ ሥራ እንዳለው የጠቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ያውቃል። ማንም ግን አይጠይቀውም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። በጎን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድርብነት ገብቷል፤ ከወረርሽኙ ዘመን ወዲህ በኢንተርኔት የሚሠራ ውል ጨምሯልና ጁባ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ወይም ለናይሮቢ ቢሮ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ብርቅ አይደለም። ደቡብ ሱዳን እስከ ጃንዋሪ 2021 መጨረሻ ድረስ ሰዓቷ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን ጀምሮ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አዘገየችው። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ በቶንፒንግ 2 ሰዓት ነው፤ ቢሮው ሳይከፈት አንድ ሰዓት ይገኛል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለሁለት አሠሪ የሚሠራ ሰው ግን ከየትኛውም ደንብ ይልቅ ይህችን ሰዓት ያውቃታል።

መፍትሔ ተብሎ ቶሎ የሚቀርበው ክልከላ ነው፤ ክልከላው የሚይዘው ግን ሐቀኛውን ብቻ ነው። ሌላ ሥራ አለህ ወይ ተብሎ አለኝ ያለው ይወገዳል፤ የለኝም ያለው ይቀጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ምስጢር አለበት፣ ምስጢር ያለበት ሰው ደግሞ ለሚያስፈራራው የተመቸ ነው፤ የትኛውም የማጣሪያ መመሪያ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ማሳወቅን የማያስቀጣ ደንብ ከክልከላው ይሻላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የጋራ መዝገብ ነው። በቴክኒክ የሚቻል መሆኑን ተመድ ራሱ አሳይቷል፤ ከ2018 ጀምሮ በጾታዊ ጥቃት ምክንያት የተሰናበቱ ሰዎች ከአንዱ ድርጅት ወጥተው በሌላው እንዳይገቡ «ክሊርቼክ» የተባለ የጋራ መዝገብ ተዘርግቷል፤ አንድን ስም በድርጅቶች መካከል ማመሳከር ተችሏል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ሠራተኛ አሠሪ፣ ፈረቃና በር የሚዘረዝር መዝገብ ጁባ ውስጥ ሲዘጋጅ የሚያነቡት ድርጅቶቹ ብቻ አይሆኑም። የብሔራዊ ደህንነት አገልግሎቱ በሕግ ሰፊ የመያዝና የመፈተሽ ሥልጣን ባለው አገር፣ ማን በየትኛው ሰዓት የትኛውን ግቢ እንደሚጠብቅ የሚናገር ሰነድ ራሱ ማጣሪያ የሚያስፈልገው ሰነድ ይሆናል፤ ሠራተኛውንም ከድካም ለማዳን ተብሎ ለባሰ አደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ስለዚህ የሚቀረው መንገድ ጠባብና አሰልቺ ነው፤ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ያልፋል። የእርዳታ ድርጅትም ሆነ የተመድ ተቋም የጥበቃ ወይም የጥገና ውል ሲያወጣ በዋጋው ላይ አጥብቆ ይከራከራል፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ኩባንያ የሚያተርፈው ከሠራተኛው ደመወዝ ቀንሶ ስለሆነ፣ ያ ሠራተኛ ሁለተኛውን ባጅ የሚፈልግበት ምክንያት የተጻፈው ጨረታው በተከፈተበት ቀን ነው። በአንዳንድ ውሎች ውስጥ የፈረቃ ርዝመት ይጠቀሳል፤ በሁለት ፈረቃ መካከል ሊኖር የሚገባው ዕረፍት፣ የትም ቢሠራ፣ ብዙም አይጠቀስም። የዕረፍቱ ሰዓት በውሉ ቢጻፍ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ቢሰላ፣ ተጠባባቂ ቴክኒሺያኑ ለስንት ግቢ ቃል እንደገባ ኩባንያው እንዲያስታውቅ ቢጠየቅ፣ አሁን ባለው ወረቀት ላይ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ከመጨመር የዘለለ ሥራ የለውም። የሚከፍለው አለ ወይ የሚለው ግን፣ በጀቱ እየተቀነሰ ባለበት በአሁኑ ቶንፒንግ፣ ከደህንነት ክፍሉ ይልቅ የግዥ ክፍሉ የሚመልሰው ጥያቄ ነው።